ጥቁር ቸኮላታ በሰንበት ማዕድ

በእስራኤል ባለችው በፔታሕ ቲክቫ ከተማ ዓርብ ከቀትር በኋላ፥ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፥ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ የቤተ እስራኤል እናቶች ባንድ ምድጃ ሁለት ነገር ሲያበስሉ ማየት እንግዳ አይደለም፤ አንዱ ከእናቶቻቸው እጅ የተማሩት የሰንበት ዳቦ ሲሆን፥ ሁለተኛው እናቶቻቸው ስሙን እንኳ ሳይሰሙት የኖሩት፥ በዘይትና በጥቁር ቸኮላታ የሚጋገረው፥ ልጆቹ ግን ከዳቦው አስቀድመው የሚጠይቁት ኬክ ነው። ወተት ያለበት ቸኮላታ ለልጅ አፍ የሚጥም ሆኖ ሳለ ጥቁሩና መራራው የሚመረጥበት፥ ቅቤ በቤት እያለ ዘይት የሚፈስበት፥ ልጆቹ የሚወዷቸው በስኳር ቅርፊት የተለበጡ ባለ ቀለም ቸኮላታዎችም ከኬኩ ላይ ተነሥተው ለሌላ ቀን የሚቀመጡበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚያ ማዕድ አስቀድሞ ሥጋ መበላቱ ነው። ነገሩ የሕፃናትና የምድጃ ጉዳይ ስለሚመስል ሊቃውንት ሊያተኩሩበት የሚገባ ርእስ ሆኖ አይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕግ በሚበላ ነገር ላይ ሲፈርድ በነገሩ ባሕርይ ይፈርዳልን፥ ወይስ በመጣበት መንገድ፥ ወይስ ባቀረበው እጅ የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ ከዚህ ኬክ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ እምብዛም አላገኘሁም።

ኦሪት ጠቦትን በገዛ እናቱ ወተት መቀቀልን ሦስት ጊዜ ይከለክላል፤ ሁለቱ በዘጸአት፥ አንዱ በዘዳግም ነው። የአይሁድ መምህራን የሐተታ መጽሐፋቸው ታልሙድ በተዘጋጀበት ዘመን ይህን አጭር ትእዛዝ አስፍተው፥ ማናቸውም የእንስሳ ሥጋ ከማናቸውም ወተት ጋር እንዳይበስልና እንዳይበላ፥ ዶሮም ሳይቀር ከሥጋ እንዲቈጠር፥ ሥጋ የበላ ሰውም ወተት ወዳለበት ምግብ ከመሻገሩ በፊት ጊዜ እንዲያሳልፍ ሥርዐት አቆሙ፤ ያንንም ጊዜ በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ስድስት ሰዓት ያህል አድርጎ ወሰነው። ከሁለቱም ወገን ያልሆነው፥ እንደ እህል፥ እንደ ፍራፍሬ፥ እንደ እንቍላል ያለው ምግብ በእስራኤል ገበያ ‹ፓርቬ› ይባላል። ቸኮላታም ሲመረመር፥ ከካካዎ ፍሬ የሚወጣው ስብ የካካዎ ቅቤ ቢባልም ከላም የመጣ ስላልሆነ፥ ከስኳርና ከጥቂት የሶያ ሌሲቲን በቀር ሌላ ያልገባበት ጥቁር ቸኮላታ በባሕርዩ ፓርቬ ነው። ያ ስብ በ34 ዲግሪ ገደማ፥ ከሰው አካል ሙቀት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀልጣልና ቸኮላታ በምላስ ላይ የሚሟሟው ስለዚህ ነው፤ ጋጋሪዋም ቅቤ የተነፈገውን ኬክ ልስላሴውን በዘይት፥ ጥንካሬውን በዚሁ በካካዎ ስብ ትክሰዋለች። ሆኖም ጥቁርነቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ አንዳንዱ ጥቁር ቸኮላታ የወተት ስብ ይጨመርበታል፥ አንዳንዱም የወተት ቸኮላታ ባለፈበት መኪና ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሳይነበብ አይገዛም። የአዲስ አበባ አንባቢ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም፤ ዓቢይ ጾም ሲገባ ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ እያሉ የሚሸጡት ለተመሳሳይ ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነውና፤ ልዩነቱ የጾሙ ኬክ እንቍላልን ሲከለክል የፔታሕ ቲክቫው ኬክ መፍቀዱ፥ የአንዱም ዓላማ ፈቃደ ሥጋን ማድከም ሲሆን የሌላው ዓላማ አንዱን ፍጥረት ከሌላው መለየት መሆኑ ነው።

ቤተ እስራኤል በጎንደር፥ በሰሜን፥ በወገራ፥ በወልቃይትና በትግራይ ሲኖሩ ኦሪትን በግእዝ ያነቡ፥ ‹ትእዛዘ ሰንበት› የተባለውን መጽሐፋቸውን ይዘው ሰንበትን እሳት ሳያነዱ ያከብሩ ነበር፤ ታልሙድን ግን አላወቁትም፥ የጠቦቱም ትእዛዝ ከመምህራኑ ሐተታ ተለይቶ በኦሪቱ ቃል ብቻ ደረሳቸው። በእነርሱ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ ከፍ ብሎ የቆመው የንጽሕና አጥር በእጅና በእጅ መካከል የተሠራው ነበር፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው ያረደውን አይበሉም፥ ያበሰለውን አይቀምሱም፥ ከውጭ ሰው ጋር ተነካክተው ሲመለሱም ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት በወንዝ ይታጠባሉ፥ መንደራቸውንም ስለዚሁ ከውሃ ዳር ይመሠርታሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም ይህን አይተው ‹አትንኩኝ› የሚል ስም አወጡላቸው። ማን አረደው፥ ማን ጋገረው፥ ማን አቀረበው የሚለው ጥያቄ መልሱ በጽሑፍ አይፈለግም ነበር፤ ባራጁና በጋጋሪዋ ፊት ላይ ይነበባልና፥ ያም ፊት ከነአባቱና ከነአያቱ የታወቀ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፥ ኋላም በግንቦት 1991 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲጓዝ፥ ያች በቅቤ ዶሮ ወጥ ስትሠራ የኖረች እናት በአዲሱ አገር ወጧ ክልክል መሆኑን ሰማች። ለእርሷ መጽናኛ የሚሆን ነገር ከዚያው ከታልሙድ ውስጥ መገኘቱን ግን የነገራት ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከጥንቶቹ መምህራን አንዱ የገሊላው ራቢ ዮሴ፥ ዶሮ ልጅዋን የምታጠባው ወተት የላትምና ትእዛዙ ወፍን አይመለከትም ብሎ ያስተምር ስለ ነበር፥ እርሱ በሚኖርበት አገር ሰዎች የወፍን ሥጋ ከወተት ጋር ይበሉ ነበር፤ ከሌላ አገር የመጣ ሊቅም በእርሱ ትምህርት በሚመራ ቤት በእንግድነት ገብቶ የወፍ ሥጋ በወተት ሲቀርብለት፥ ራሱ ሳይበላ ቀረ እንጂ ባለቤቶቹን አላወገዛቸውም። እንግዲህ በጎንደር የነበረው ሥርዐት ከእስራኤል የውስጥ ክርክር ውጭ የሆነ የስሕተት መንገድ አልነበረም፤ ከጥንት ጀምሮ በመምህራኑ መካከል ከነበሩት መንገዶች የአንዱ አምሳያ ነው፥ ምንም እንኳ ብዙኀኑ በሌላው መንገድ ቢሄዱና ያም መንገድ ሕግ ሆኖ ቢጸና። ያልተሰማ ሕግ ያልሰማውን ሰው በደለኛ አያደርገውም፤ ከተሰማ በኋላ ግን መታዘዝ ያለበት በአእምሮ ነው ወይስ ከሕዝብ ጋር አንድ ለመሆን በመሻት ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቹ እናቶች ቅቤውን በዘይት የለወጡት በሁለተኛው ምክንያት እንደ ሆነ እገምታለሁ፥ ምክንያቱንም አልንቀውም።

አሁን ወደ ባለ ቀለሞቹ እንመለስ። በእስራኤል ‹ዓዳሺም› የሚባሉት፥ በሌላው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በእንግሊዝ፥ ከ1941 ጀምሮ በአሜሪካ በልዩ ልዩ ስም የተሸጡት እነዚህ ክብ ቸኮላታዎች፥ በሚሽከረከር ድስት ውስጥ እየተንከባለሉ የስኳር ውሃ በላያቸው ደጋግሞ ሲፈስና ሲደርቅ ቅርፊት ያበጃሉ፤ በመጨረሻም ቀለም ይቀባሉ፥ እንዲያበሩም ይወለወላሉ። ቅርፊቱ በእጅ ላይ እንዳይቀልጡ ይጠብቃቸዋል፤ በምድጃ ውስጥ ግን ይሰነጠቃል፥ ቀለሙም ይፈዛል፥ ስለዚህ ብልህ ጋጋሪ ብስኩቱ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከላይ ትጫናቸዋለች። ለሕግ ሰዎች ግን ችግሩ ከውስጡ ወተት ይልቅ በቅርፊቱ ላይ ነው። በማሸጊያ ላይ ኢ 120 ተብሎ የሚጻፈው ቀይ ቀለም በፔሩ ቍልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት ይፈጫል፤ ኢ 904 የሚባለው ማብረቂያም በህንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ዘሌዋውያን የሚርመሰመሰውን ሁሉ፥ ከአንበጣ ወገን ከለያቸው ጥቂቶች በቀር፥ ርኩስ ያደርጋል። ስለዚህ ቀዩን ቀለም ብዙዎቹ የኮሼር፥ ማለት በሕግ የተፈቀደ መብል፥ መምህራን ከለከሉት፤ ማብረቂያውን ግን በኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ታላቁ ፈራጅ ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን ፈቀደው፤ አንዱ የነፍሳቱ ሥጋ ራሱ ሲሆን ሌላው ከነፍሳቱ ወጥቶ የደረቀ ጣዕም የለሽ ነገር ነውና። ጠጅ የሚጥል አገር ሰው ይህን ልዩነት ሊሥቅበት አይገባውም፤ ንብ ራሷ ርኩስ ስትሆን ማሯ ንጹሕ የሆነበትን ምሥጢር መምህራኑ ሲመረምሩ፥ ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ታመጣዋለች እንጂ ከሥጋዋ አታወጣውም ብለው መለሱ፥ በዚያም መልስ ማሩ ለመላው እስራኤል ተፈቀደ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የፋሲካው ነገር ነው። የካካዎ ፍሬ ከነጭ ሥጋው ጋር ተጠራቅሞ፥ ብዙ ጊዜ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ፥ አምስትና ስድስት ቀን እየሞቀ ካልፈላ ቸኮላታ የምንለው ጣዕም ከቶ አይወለድበትም፤ ጥሬው ፍሬ መራራና አፍ የሚያኮማትር ብቻ ነው። የራቢዎች ሕግ በፋሲካ እርሾ ብሎ የሚከለክለው ከአምስቱ የእህል ዓይነቶች የሚቦካውን ብቻ ስለ ሆነ፥ የካካዎው መፍላት ከቶ አይቈጠርም፤ በዚያ ሰሞን በቸኮላታ ላይ የሚነሣው ክርክር ከሶያው የተነሣ ነው፥ ከአውሮፓ የመጡት አይሁድ በፋሲካ ጥራጥሬን ሲተዉ ከምሥራቅ የመጡት ይበሉታልና። በጎንደር የነበሩት ቀሳውስት ግን እርሾን በእህል አልወሰኑትም፤ ጠላውን ብቻ ሳይሆን የረጋውን ወተት ጭምር በፋሲካ ከቤት ያስወጡ ነበር፥ የቦካና የኮመጠጠ ሁሉ ያው እርሾ ነውና። እነዚያ ቀሳውስት ስለ ካካዎ ቢነገራቸው ኖሮ፥ ዛሬ በፔታሕ ቲክቫ ሱቆች ለፋሲካ ኮሼር ተብሎ የሚሸጠውን ጥቁር ቸኮላታ ሳይነኩት እንደሚያልፉት አልጠራጠርም። ወተትን ከዶሮ ጋር ሲያበስሉ ቸል ያሉ የመሰሉት ሰዎች በዚህ ላይ ከሁሉ የጠነከሩ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ሕግ ጠባቂ፥ ሌላው ሕግ ዘንጊ ነው የሚል ፍርድ ቸኮላታ ሲቀርብበት አይቆምም።

ነገሩን እስከ አሁን በባሕርይና በመንገድ መረመርነው፤ የቀረው እጅ ነው፥ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። በጎንደር ፊት ላይ ይነበብ የነበረው እምነት ዛሬ ወደ ማኅተም ተሻግሯል። የሰንበቱን ኬክ የምትጋግር እናት ካካዎውን የለቀመውን ሰው አታውቀውም፥ ፋብሪካው ውስጥ ያለውንም አላየችውም፤ የምታምነው በማሸጊያው ማዕዘን የታተመውን ያንድ የራቢዎች ሸንጎ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሪጋ በመጣ ስደተኛ በራማት ጋን የተመሠረተው የቸኮላታ ፋብሪካ ኤሊት፥ በ2004 ከምግብ ኩባንያው ከሽትራውስ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በዚህችው በፔታሕ ቲክቫ ይገኛል፤ ስለዚህ ከተማይቱ በ1878 ከኢየሩሳሌም በወጡ ሃይማኖተኞች አይሁድ ስትቈረቈር ማንም ያላሰበው ነገር ሆኖ፥ የአገሩ ቸኮላታ ጉዳይ የሚመከርባት ስፍራ ሆናለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 በገሊላ ባለው የኩባንያው ፋብሪካ ሳልሞኔላ የተባለው ተሐዋሲ በመገኘቱ ብዙ ዓይነት ቸኮላታ ከሱቅ ሲሰበሰብ፥ የኮሼሩ ማኅተም በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ እንደ ታተመ ነበር። ማኅተሙ አልዋሸም፤ ስለ ተሐዋሲ አልተጠየቀምና። ማኅተም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑን ከዚያ ይልቅ ግልጥ ያደረገ ነገር አላየሁም።

እጅ የተጠየቀበት ጊዜ ግን ነበር፥ የተጠየቀውም የእኛው እጅ ነበር። በአይሁድ ሕግ ወይን ጠጅ በአሕዛብ እጅ ከተነካ ይከለከላል፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ባርካን በተባለው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች፥ ማኅተም የሚሰጥ አንድ ጥብቅ ሸንጎ አይሁድነታቸውን ስለ ተጠራጠረ፥ ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ እንዲነሡ መደረጉ ተሰማ። አገሩ በነገሩ ተቈጣ፥ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሁለት ዋና ራቢዎች አንዱ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን በግልጥ አወገዘው፥ ፋብሪካውም ውሳኔውን ሻረ። የሚያስገርመው፥ የዚሁ ራቢ አባት ራቢ ዖባድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973፥ በ16ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረውን የሊቁን የዳዊት ኢብን ዚምራን ቃል መሠረት አድርጎ፥ ቤተ እስራኤል ከነገደ ዳን የወጡ እውነተኛ እስራኤላውያን መሆናቸውን ፈርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009ም በዚሁ በፔታሕ ቲክቫ አንዳንድ የግል የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው ነበር። የጎንደሯ እናት የሌላውን እጅ ትሸሽ ነበር፤ የልጅ ልጇ እጅ ደግሞ በተራው ተሸሸ። አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ የቀድሞውም የኋለኛውም መሸሽ አንድ ነው ሊል ይችላል፤ እኔ ግን በፍጹም አንድ አላደርጋቸውም። በሰው አገር በጥቂቱ የሚኖር፥ ርስት እንኳ የተነፈገ ሕዝብ ማንነቱ እንዳይጠፋ በራሱ ማዕድ ዙሪያ አጥር ቢያበጅ፥ ያ የድኻ ምሽግ ነው፤ ደመወዝ የሚከፍል ፋብሪካ ሠራተኛውን ከጋኑ ሲያርቅ ግን አጥሩ የኃያል ነው፥ የሚያሳጣውም እንጀራ ነው።

እንግዲህ እጅ የሕግ ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል በእኛው ላይ ከተገለጠ፥ ካካዎውን ስለሚለቅመው እጅ ዝም የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? ከዓለም ካካዎ ከግማሽ የሚበልጠው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ታላላቆቹ የቸኮላታ ኩባንያዎች የከፋውን የሕፃናት ሥራ እስከ 2005 ለማስቀረት ፈርመው ቃል ገብተው ነበር፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2020 ያወጡት ጥናት ግን በሁለቱ አገሮች በካካዎ እርሻ የሚሠሩትን ልጆች 1.56 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገመታቸው፤ ሥራውም ፍሬውን በገጀራ መሰንጠቅን፥ ከባድ ጭነት መሸከምንና መርዝ የተረጨበት ማሳ ውስጥ መዋልን ይጨምራል። በፔታሕ ቲክቫ ኬኩን የሚጠብቀው ልጅና ፍሬውን የሚሰነጥቀው ልጅ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

የሚቃወመኝ ሊቅ፥ የመብል ሕግ ሌላ የደመወዝ ሕግ ሌላ ነው፥ ሁለቱን ብትቀላቅል ሁለቱንም ታበላሻለህ ይለኛል። ቀላል መቃወሚያ አይደለም፤ የመብል ሕግ ጥቅሙ በምክንያት ሳይመዘን መጠበቁ ነው፥ በየዘመኑ በሚነሣ በጎ ሐሳብ ከተሞላ ሕግነቱ ይቀርና ምክር ይሆናል። ነገር ግን መምህራኑ ራሳቸው በተሰረቀ የዘንባባ ዝንጣፊ የዳስ በዓልን ሥርዐት የፈጸመ ሰው እንዳልፈጸመ ይቈጠራል ብለው ሲያስተምሩ፥ የተቀደሰው ነገር የመጣበት በደል ወደ ነገሩ ወደ ራሱ እንደሚገባ መስክረዋል፤ ኦሪትም የድኻውን ምንዳ ፀሐይ ሳይጠልቅ መክፈልን ያዘዘው መብሉን ካዘዘው በማያንስ ኀይል ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሊትዌንያ ስለ ነበረው ስለ ራቢ እስራኤል ሳላንተርም የሚተረክ ነገር አለ፤ የፋሲካውን ቂጣ የሚቈጣጠሩ ደቀ መዛሙርቱ በምን እንጠንቀቅ ብለው ቢጠይቁት፥ ሊጡን የምታቦካው ሴት ባል የሞተባት ናትና አጣድፋችሁ እንዳታሳዝኗት ተጠንቀቁ አላቸው ይባላል። ሊጥ ሳይጋገር ከዐሥራ ስምንት ደቂቃ በላይ ከቆየ እርሾ ይሆናል ተብሎ በሚፈራበት ቤት፥ ማጣደፍ ራሱ የሕጉ ግዴታ በሆነበት ሰዓት፥ የሠራተኛይቱ ኀዘን ከቂጣው ንጽሕና ጋር ባንድ ሚዛን ተቀመጠ፤ ያም ሰው የመብልን ሕግ አላበላሸም። በዘመናችንም በኢየሩሳሌም የተነሡ ሃይማኖተኞች ወጣቶች የሠራተኞቻቸውን መብት ለሚጠብቁ ምግብ ቤቶች ከኮሼሩ ምልክት ጎን የሚሰቀል ‹ማኅበራዊ ማኅተም› መስጠት ጀምረው ነበር፤ ስለዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች መገናኘት የእኔ ፈጠራ አይደለም።

በገበያ ላይ ለገበሬው ተገቢ ዋጋ እንደ ተከፈለ የሚመሰክር ምልክት ያለበት ጥቁር ቸኮላታ አይታጣም፤ ዋጋው ግን ከሌላው ከፍ ያለ ነው፥ ከአምስት ልጆች ጋር የጽዳት ሥራ ደመወዝ ቈጥራ ለሰንበት የምትገዛ እናትም የርካሹን ማሸጊያ ብታነሣ በእርሷ ላይ የሚፈርድ ሰው ሕግን አያውቅም። ጥያቄው የሚገባው ማኅተሙን ለሚሸጠው ሸንጎ ነው፤ እያንዳንዱን ጋን የሚፈትሽ፥ የመኪናውን የወተት ቅሪት እስከ ቅንጣት የሚመረምር፥ ለቀለም ነፍሳት ሲል ተቈጣጣሪ ባሕር አሻግሮ የሚልክ ሸንጎ፥ በካካዎ እርሻ ላይ የሚቆመውን ልጅ ለማየት ተጨማሪ መንገድ አይሄድም፤ ሊጨምር የሚገባው በመጠይቁ ላይ አንድ መሥመር ብቻ ነው፥ የዚያንም መሥመር ዋጋ መክፈል ያለበት ሸንጎውና ኩባንያው እንጂ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሱቅ ሳይዘጋባት የምትሮጠው እናት አይደለችም።